የጠባብ ቤት ብልሃት በምን ይመዘናል? ስለ ሁለት ቤቶች የቀረበ ሂስ

ስለ ትንንሽ ቤቶች አሠራር በሚጻፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ምስጋና ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም ነዳፊው በጥቂት ሜትር ውስጥ ምን ያህል ዕቃ ማግባት ቻለ የሚለው ነው። ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ አልጋና ከደረጃ ሥር የተበጀ መሳቢያ ይደነቃሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንከራከረው ይህ መለኪያ አይበቃም ብለን ነው። የጠባብ ቤት ብልሃት የሚታወቀው ቤቱ በተመረቀበት ቀን ሳይሆን፥ የነዋሪው ኑሮ በተለወጠ ጊዜ ነው። ለዚህም ሁለት የታወቁ ሥራዎችን እንመርምር።

የመጀመሪያው በቶኪዮ ከተማ በጊንዛ ሠፈር በ1972 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው የናካጊን ካፕሱል ሕንፃ ነው። ነዳፊው ኪሾ ኩሮካዋ ሁለት ማማዎች አቁመው፥ 140 ሣጥን መሰል ክፍሎችን እያንዳንዳቸውን በአራት ቡሎን አሰሩባቸው። የአንዱ ክፍል ወለል 10 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፥ አልጋው፥ ታጣፊው ጠረጴዛ፥ ቴሌቪዥኑና መታጠቢያ ቤቱ በፋብሪካ ተገጥመው በጭነት መኪና የመጡ ነበሩ። ማድ ቤት አልነበረውም፤ የታሰበው በከተማው መካከል ለሚያድር የቢሮ ሠራተኛ እንጂ ለቤተ ሰብ አልነበረምና። ስለዚህ የቤተ ሰብ ቤት አልሆነም ብሎ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ዳሩ ግን በራሳቸው በነዳፊው ሚዛን ብንመዝነው ሥራው ጎድሎ ይገኛል። ክፍሎቹ በየ25 ዓመቱ እየተነሡ በአዲስ እንዲተኩ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም አንዱም ሳይተካ ቀረ። እጅግ ተጠጋግተው ስለ ተደረደሩ፥ የታችኛውን ለማውጣት በላዩ ያሉትን ማንሣት ግድ ይል ነበር። ባለቤቶቹም ብዙ ስለ ነበሩ ሁሉን በአንድ ወጪ ማስማማት ቀላል አልነበረም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሕንፃው ሲፈርስ 23 ክፍሎች ብቻ እንዲጠበቁ ተደረገ። እንግዲህ ለውጥን መሠረቱ ያደረገ ሕንፃ፥ በተግባር ለውጥን የከለከለ ሆነ።

ሁለተኛው በሆላንድ አገር በኡትሬክት ከተማ በ1924 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሪትቬልት ሽሮደር ቤት ነው። ወይዘሮ ትሩስ ሽሮደር ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበትን ትንሽ ቤት ለኼሪት ሪትቬልት ሰጡ፤ ንድፉንም አብረዋቸው ሠሩ። በላይኛው ፎቅ ተንሸራታች መከፋፈያዎች ቀን ሲሰበሰቡ ቦታው አንድ አዳራሽ ይሆናል፤ ማታ ሲሳቡ ደግሞ መኝታ ክፍሎች ይለያሉ። ልጆቹ አድገው ከሄዱም በኋላ ወይዘሮ ሽሮደር በ1985 እ.ኤ.አ. እስኪሞቱ ድረስ 60 ዓመት ያህል ኖረውበታል። ቤቱ የዕቃ ማከማቻ ሳይሆን የኑሮ ተከታይ ነበረ።

ይህ ለአንዲት ባለ ገንዘብ የተሠራ ነውና ለብዙ ሰው አይሆንም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተንሸራታቹ መከፋፈያ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ውድ አይደለም። በገጠር ቤታችን ያለው የጭቃ መደብ ቀን መቀመጫ፥ ማታ መኝታ ሆኖ ይህንኑ ሐሳብ ያለ ብዙ ወጪ ሲፈጽም ኖሯል።

ነገሩ እኛንም የሚመለከተው በአዲስ አበባ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ምክንያት ነው። ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ተለይተው ከታነፁ በኋላ በዕጣ ስለ ታደሉ፥ ነዋሪው እንደ ወይዘሮ ሽሮደር ከነዳፊው ጋር የመመካከር ዕድል አልነበረውም። ዛሬ ብቻውን የገባው ሰው ነገ ትዳር ይይዛል፤ እናቱ ከአገር ቤት መጥተው ይቀመጣሉ፤ ክርስትናና ለቅሶ ይመጣል። ለዚህ ሰው ከታጣፊ አልጋ ይልቅ የሚጠቅመው ሸክሙ በምሰሶ ላይ ያረፈ፥ ውሃውና ፍሳሹ በአንድ ጥግ የተሰበሰበ፥ የውስጥ ግድግዳው ያለ ጉዳት ሊነሣ የሚችል ቤት ነው።

ስለዚህ የንድፍ ሥራ የሚማሩ ጓደኞቻችን የጠባብ ቤት ፕላን በቀረበላቸው ቁጥር፥ «ስንት ዕቃ ይይዛል?» ከማለት አስቀድመው፥ «ነዋሪው ከ10 ዓመት በኋላ ምን ሊያደርግበት ይችላል?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። በወረቀት ላይ ያለ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ በሲሚንቶ የፈሰሰውን ግን ነዋሪው ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል።