ነገሌ ቦረና ስንት ባሕር ተሻግሮ ነው?

መቼም የአውደ ጥናት አዘጋጅ ናይሮቢ ስብሰባ ካለበት ጠንቃቃ ነው። ምንዛሪው፣ አስተርጓሚው፣ የእንግዳው ምግብ ሳይቀር ከወራት በፊት ይጠየቃል። ድግሱ ነገሌ ቦረና ሲሆን ግን ጥያቄው ሁሉ «አዳራሽ አለ? ጄኔሬተርስ?» ላይ ያልቃል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ከተማ የራሳችን ስለሆነች ብቻ የምናውቃት ይመስለናል። ምነው እንደ ውጭ አገር በቆጠርናት! ቢያንስ እንጠይቅ ነበር።

ዝግጅቱን ታውቁታላችሁ። ወንበሩ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ባነሩ፣ ቲሸርቱና ኮፍያው በአይሱዙ ተጭኖ ይወርዳል። የታሸገው ውኃም አብሮ ይወርዳል፤ ሕዝቡ የፕላስቲኩን ጠርሙስ «ሃይላንድ» ነው የሚለው። እንግዲህ ስለ ቆላው የውኃ ችግር እዚያው ቆላ ላይ ሲመከር ለተሰብሳቢው ሃይላንድ ይታደላል ማለት ነው። ደጋውን በጠርሙስ ይዘንላቸው ሄድን!

ስብሰባ ለምን ይደረጋል አላልኩም። የአርብቶ አደሮች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው በጥር 1991 ዓ.ም. ከነገሌ በስተምሥራቅ ባለችው ፊልቱ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አርብቶ አደሮች ጉባኤ በሐመር ምድር፣ ቱርሚ ላይ ተካሂዷል። ከ20 በላይ አገሮች የመጡ አርብቶ አደሮች የተገናኙት እንደነሱው ከብት ከሚያረባ ሕዝብ ዘንድ ነው። ያኔ እንግዳው ወደ ባለቤቱ መንደር ሄደ እንጂ ባለቤቱ ወደ ሆቴል አልተጠራም።

ታዲያ የሚጎድለው ምንድን ነው? አንደኛ ወቅቱ። ለበጀት የሚመቸው ቀን ለከብት ላይመች ይችላል። በበጋው በቦረና ቱላ ጉድጓዶች ጎልማሶች ከሥር እስከ አፍ ተደርድረው ውኃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚቆጣጠረው አባ ሄረጋም ከዚያው አይነቃነቅም። በዚያ ሰሞን አዳራሹን የሚሞላው ማን ነው? ከተማ ውሎ ከተማ የሚያድረው፣ አውደ ጥናት የለመደው፣ አበል ሲታደል የት እንደሚፈረም የሚያውቀው ነዋ!

ሁለተኛው የንግግር ተራ ነው። የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ የቡድን ውይይት ካለቀ በኋላ ለሽማግሌው አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። እሷንም አስተርጓሚው ይካፈላታል።

ይኸ የሚሆነው ጉሚ ጋዮ በሚደረግበት ምድር ነው። ቦረና በየስምንት ዓመቱ ጋዮ ላይ ተሰብስቦ ሕጉን ይፈትሻል፤ አባ ገዳውን ሳይቀር ይገመግማል። በነሐሴ 1988 ዓ.ም. የተደረገው 37ኛው ነበር። ከኬንያ ወገን ያለው ቦረናም ይመጣል። በምርቃት ይከፈታል፤ ነገሩ እስኪበስል ለቀናት ይመከርበታል፤ ውሳኔው በጉባኤው ፊት ይታወጃል። ገዳ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ ነው፤ አጨበጨብን። ከዚያ በኋላስ ከገዳ ስብሰባ መምራት የተማረ አዘጋጅ የታለ?

ጉሚ ጋዮ እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ሴቶች በሸንጎው የነበራቸው ቦታ ጠባብ ነው፤ ይኸን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። ግን አንድ ነገር አለው፦ ተመልሶ ይመጣል። «ያልነውስ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። የኛ የአቋም መግለጫ ግን ተነቦ፣ ተጨብጭቦለት፣ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

ነገሩ ቀልድ ያልሆነው ለዚህ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና ከብቱን አጣ። ስለ ድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ግን ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ተሰብስበናል! የአቋም መግለጫ ላም አያጠጣም።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት አባ ገዳውን ጠይቁ። የመጀመሪያውን ንግግር ለባለ ከብቱ፣ ሁለተኛውን ጎህ ሳይቀድ ውኃ ፍለጋ ለምትወጣው ሚስቱ ስጡ። ለእንግዳ ውኃ ስትጭኑ ለከተማውም ጫኑ። በዓመቱ ደግሞ ያንኑ መግለጫ ይዛችሁ ተመለሱና በዚያው ሕዝብ ፊት አንብቡት። ያፈራችሁ እንደሆነ እፈሩ፤ ስብሰባ የሚጀመረው ከዚያ ነው።