ከኤረር በር የሚገቡት

የሰዎችን እንቅስቃሴ በማሽን ለርኒንግ ስናጠና የምንነሳው ከስልክ መዝገብ ነው። አንድ ስልክ ጠዋት በየትኛው ታወር በኩል ደወለ፣ ከሰዓት በኋላስ የት ታየ? ሞዴሉ ከዚህ ተነስቶ ስንት ሰው ከየት ወደ የት እንደሄደ ይገምታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲ ውስጥ ኮሌራ ሲነሳ የሲም ካርዶች ጉዞ እንዲህ ተጠንቷል። በኬንያም ወደ 15 ሚሊዮን ከሚጠጉ ስልኮች መዝገብ ወባ ከሰው ጋር የሚጓዝበት መንገድ ተለይቷል። ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ ሙያው በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ።

ሥራውን ለሚጀምሩ ወጣቶች ግን እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳላቸው ኤረር በርን ነው።

ኤረር በር በግንብ ከታጠረችው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሲሆን የሚገኘው በምሥራቅ በኩል ነው። የገጠር ሴቶች ማገዶውን በጀርባቸው፣ አትክልቱንና ጫቱን በእጃቸው ይዘው በማለዳ ይገቡበታል። በሩ ጠባብ ስለሆነ ገቢና ወጪ ይተሻሻል፤ ሸክም ያላት ሴት ስታልፍ ሌላው ግንቡን ተጠግቶ ይጠብቃታል። ተላላፊ በሽታ የሚያሳስበው ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት እዚህ ነው። መዝገቡ ግን በሩን ጨርሶ አያየውም። ጀጎል ሁሉ ተደምሮ 48 ሄክታር ገደማ ነው፤ አንድ ታወር ከግንቡ ውስጥም ከውጭም ያለውን ስልክ ሊያስተናግድ ይችላል። በር ላይ ተራ የምትጠብቀውና መጋላ ገበያ ደርሳ ዕቃዋን የዘረጋችው ለታወሩ አንድ ናቸው።

ከዚህ የሚብሰው ስልክ የሌላቸው ጉዳይ ነው። ቤቱ አንድ ስልክ ብቻ ካለው ብዙ ጊዜ ከባልየው ጋር ይውላል፤ ማገዶ ተሸክማ የምትመጣው ሚስት በዳታው ውስጥ የለችም። ሞዴሉ «የገበያው እንቅስቃሴ ቀነሰ» ሲለን የቀነሰው ምናልባት ቤት መዋል የቻለው ባለስልክ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የዕለት ጉርሷን በዕለት ሸክሟ የምታገኝ ሴት ቤት ልዋል ብትል ልጆቿ ምን ይበላሉ?

ቀን መቁጠሪያውም የራሱ ፈተና አለው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወቀ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። በረመዳን ሐረር ቀን ቀዝቅዛ ከመግሪብ በኋላ ትነቃለች። ዒድ ካለፈ በኋላም የሐረሪዎች በዓል ሸዋል ዒድ ይከተላል። ይህን ማንም ያልነገረው ሞዴል የቀኑን ጭርታ በሙሉ የአዋጁ ውጤት ያደርገዋል። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማነጻጸርም አያድንም፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ የሂጅራው ቀን ራሱን ችሎ ወደ ሞዴሉ መግባት አለበት።

ስለ በሩ ግን ሰው ልኮ ከማስቆጠር ሌላ መላ አላውቅም። አንዱ ገቢውን፣ አንዱ ወጪውን ይይዛል፤ በየሩብ ሰዓቱ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንቱ ባለሸክም እንደሆነ ይጻፋል። ከሚያልፉት ጥቂቶቹ ስልክ ይዘው እንደሆነ ይጠየቃሉ። በዚህ ቁጥር የስልኩ መዝገብ ይታረማል፤ በመዝገቡ ያነሰው ወገን ክብደቱ ከፍ ይላል። ስም አይመዘገብም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 1.5 ሚሊዮን ሰዎች ካሉበት የስልክ መዝገብ አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ለይተው እንደሚያወጡ አሳይቷል። ጎረቤት ከጎረቤት በሚተዋወቅበት ጀጎል ስምን መሰረዝ ብቻ ማንንም አይሰውርም። ዳታው በሰዓትና በሰፈር መጠቅለል፣ ጥቂት ሰው ብቻ ያለበት ረድፍም መውጣት አለበት።

ይህ ሁሉ ድካም ለውሳኔ ነው። አዲስ አበባ በኮቪድ ወቅት የአትክልት ገበያዋን አትክልት ተራን ወደ ጃን ሜዳ ያዛወረችው ሰው ተራርቆ እንዲገበያይ ነበር። የኤረር በር ቆጠራም መጨናነቁ በማለዳ ብቻ መሆኑን ካሳየ ገበያ መዝጋት አያስፈልግም። ሰዓቱን ማራዘም፣ መግቢያና መውጫውን መለየት፣ ውኃና ሳሙና ከበሩ ፊት ማቆም ይበቃል፤ ማገዶ ሻጯም ሽጣ ትገባለች።