«ማጠናቀር» ወይስ «ማጠቃለል»?
በሜይንፍሬም የሥራ ትእዛዝ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የባዕድ ቃል ሁለት የተለያዩ ተግባራትን ሸፍኖ ሲገኝ፣ ተርጓሚው ለሁለቱም አንድ አቻ መስጠቱ የተለመደ ነው። በእንግሊዝኛ «ኮንሶሊዴት» የሚባለው ግስ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። ጠቅላላ መዝገበ ቃላት «አጠናከረ» ሲል ይፈታዋል፤ ለምሽግና ለሥልጣን የሚስማማ፣ ለቁጥር ግን ፈጽሞ የማይሆን ፍቺ ነው። «አዋሐደ» እና «አጠቃለለ» የተሻሉ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ከመምረጥ በፊት ሥራው ራሱ ሊመረመር ይገባል።

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ያደረገው ዲቢ2 የተባለው የመረጃ ቋት ሥርዓት፣ የአሠራሩን መዛግብት ኤስ.ኤም.ኤፍ. ለተሰኘው መዝጋቢ ያስረክባል። ዓይነት 100 የስታቲስቲክስ፣ ዓይነት 101 የሒሳብ፣ ዓይነት 102 የዝርዝር ክትትል መዝገብ ነው። (እዚህ ላይ «ሒሳብ» የገንዘብ ሳይሆን እያንዳንዱ ሥራ የፈጀው ጊዜና አቅም ነው።) መዛግብቱን የሚያሰናዳው የባች ሥራ በጄ.ሲ.ኤል. ሲጻፍ ሁለት እርከን ይኖረዋል። በመጀመሪያው፣ የተፈለጉት ዓይነቶች ተመርጠው ወደ አንድ ፋይል ይገባሉ። በሁለተኛው፣ የዘገባው ፕሮግራም «ሪዱስ» በሚለው ትእዛዝ በአንድ የጊዜ ክፍል ውስጥ የሚገኙትን መዛግብት ደምሮ ቁጥራቸውን ያሳንሳል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው እርከን እያንዳንዱ መዝገብ ሳይነካ ይቆያል፤ በሁለተኛው ግን ዝርዝሩ ይጠፋል። ዘጠኝ ሥራዎች እያንዳንዳቸው 0.2 ሰከንድ፣ አሥረኛው ግን 8 ሰከንድ ፈጅተዋል እንበል። ድምሩና ብዛቱ ብቻ ከተያዘ አማካዩ 0.98 ሰከንድ ይሆናል፤ ያ ያዘገመው ሥራ ከዚያ ወዲያ አይገኝም። በሁለቱም ቦታ «አዋሐደ» የሚል መመሪያ የተሰጠው ባለሙያ ዋናውን መዝገብ ቢደመስስ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ማጠናቀር»፣ ለሁለተኛው «ማጠቃለል» እንዲባል አሳስባለሁ። ጥንቅር የክፍሎቹን ህልውና ይጠብቃል፤ ማጠቃለያ ግን ከዝርዝሩ ይልቅ ጭብጡን ይይዛል። ቋንቋችን ልዩነቱን አስቀድሞ አበጅቶታል።

ከዚህ የከፋው «ደምፕ» ነው። ቃል በቃል «መጣል» ወይም «መድፋት» ማለት ለአደጋ ይዳርጋል፤ ምክንያቱም መዛግብቱን የሚያወጣው አይኤፍኤኤስኤምኤፍዲፒ የተባለው ፕሮግራም «ደምፕ» ሲባል ይቀዳል፣ «ክሊር» ሲባል ምንጩን ባዶ ያደርጋል፣ «ኦል» ሲባል ሁለቱንም ይፈጽማል። እንግዲህ ተቃራኒ የሆኑት ትእዛዛት በአማርኛ ሊምታቱ ነው! «መገልበጥ» ግን ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ ከሚገኘው «ግልባጭ» ጋር ዘመድ በመሆኑ ዋናው እንዳለ መቅረቱን ያስረዳል። ዕቃ ገልብጦ ማፍሰስንም ያስታውሳልና እንከን የለበትም አልልም፤ «ክሊር» በግልጽ «ባዶ ማድረግ» ከተባለ ግን አሻሚነቱ ይወገዳል።

«ባች»ን «ጥቅል ሥራ» ማለት ስለ ክፍያ የሚናገር ያስመስላል። ሥራው ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት ተራውን ጠብቆ የሚፈጸም ስለሆነ «የወረፋ ሥራ» ይቀርበዋል፤ ይህ ካልተወደደ «ባች» እንዳለ ይጻፍ።