ልጅ አባቱን ሲመራ፦ «ንጉሥ ሊር»ን ከኛ ቤት ሆኖ ማንበብ

የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ታሪኩ አጭር ነው። ያረጀ ንጉሥ መንግሥቱን ለሦስት ሴት ልጆቹ ሊያካፍል ይነሣል። ከማካፈሉ በፊት ግን ማን አብልጣ እንደምትወደው በሰው ፊት እንዲነግሩት ይጠይቃል። ትልልቆቹ ጎነሪልና ሪገን አሳምረው ይናገራሉ፣ ድርሻቸውንም ይወስዳሉ። ትንሿ ኮርዴሊያ ፍቅሯን ለውድድር ማቅረብ አይሆንላትም፤ ልጅ ለአባቷ የሚገባትን ያህል እንደምትወደው ብቻ ትናገራለች። አባት ተቆጥቶ ያለ ድርሻ ያባርራታል። «ተሳስተሃል» ያለውን ታማኙን ኬንትንም ከአገር ያስወጣዋል። የቀረው ሁሉ የዚያ የአንድ ቀን ፍርድ መዘዝ ነው።

እኛ ይህን ስናነብ ቶሎ ብለን ኮርዴሊያን የራሳችን እናደርጋታለን። ምክንያትም አለን። በቤታችን «እወድሃለሁ» ብዙ አይባልም። አባት ሲገባ ብድግ ይባላል፣ እጁን ያስታጥቡታል፣ ጉልበቱን ይስማሉ፤ ፍቅሩ በዚህ ይታወቃል። በጋን ያቭኔ፣ በቂርያት ማላኪ ወይም በገደራ ያደገ ልጅ የኮርዴሊያን ቁጥብነት አይቶ «ይቺ እኮ የኛ ናት» ቢል አይፈረድበትም። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ታሪኩን ብትነግሯቸው ቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ነው የሚሄዱት፦ «ያው ነው፣ ልጅ ሀብቱን ከወሰደ በኋላ አባቱን ረሳ» ይላሉ።

ሁለቱም ንባብ እውነት አለው። ችግሩ ሁለቱም አንባቢውን የሚያሞካሽ መሆኑ ነው። ልጅ ሲያነብ ራሱን ኮርዴሊያ ያደርጋል፣ አባት ሲሰማ ራሱን ሊር ያደርጋል፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ ወዲያ ማዶ ነው። እኔ ግን በዚህ ተውኔት ውስጥ ለኛ ትውልድ የሚቀርበው ሰው ሌላ ነው እላለሁ፤ ኤድጋር ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ ሊር ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ስለ አጠራር ነው። ዕብራይስጥ ንጉሡንም ሎሌውንም «አታ» ብሎ ይጠራል። የሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ ግን እንደ አማርኛ የአክብሮትና የቅርበት አጠራር ነበረው። ኬንት ንጉሡ ሲሳሳት ባየ ጊዜ ከአክብሮቱ ወርዶ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ያናግረዋል። በዕብራይስጥ ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ድንጋጤ በቀላሉ አይሰማውም። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ ምን እንደሆነ በቤቱ ያየ ግን ወዲያው ይገባዋል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ይህ ሀብት በእጁ ነበር። እኛም አማርኛችን ተሰባብሮም ቢሆን ይህችን ጆሮ አልጣልናትም። ስለዚህ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ሊርን ሲያነብ የሚጎድለው ብቻ ሳይሆን የሚተርፈውም ነገር አለ።

ሁለተኛው ስለ ቁጥር ነው። ሊር ሥልጣኑን ሲሰጥ 100 ፈረሰኞች ለራሱ አስቀርቷል፤ ሥራውን ለቆ ክብሩን ሊይዝ ነው። ጎነሪል በ50 ትቀንስበታለች። ሪገን 25 ይበቃሃል ትላለች። ቀጥሎ አሥርም አምስትም፣ በመጨረሻ አንድስ ለምን ያስፈልግሃል ይሉታል። አስተውሉ፣ ምክንያታቸው እኮ ምክንያት ይመስላል፦ ቤቱ ይረበሻል፣ አሽከሮች አሉን፣ ወጪ ነው። የሰው ክብር በአንድ ጊዜ አይወሰድም፤ በትንሽ በትንሹ፣ ምክንያት እየተሰጠው ይቀነሳል።

የኛ አባቶች መንግሥት አላካፈሉም። ጎንደርም ሆነ ትግራይ በመንደራቸው ሳሉ ቃላቸው የሚሰማ፣ ጠብ የሚያበርዱ፣ ዳኝነት የሚቀመጡ ነበሩ። እዚህ ሲደርሱ ሥልጣኑ ሳይሰጡት ሄደ። የወሰደው ቋንቋው ነው። ከቢቱዋሕ ለኡሚ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ኩፓት ሆሊም ሲኬድ የሚናገረው ልጅ ነው። ልጁ አልጠየቀም፣ አባትም አልሰጠም፤ ግን በትረ መንግሥቱ እጅ ለወጠ።

ኤድጋር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሼክስፒር ከሊር ጎን ሁለተኛ አባት አቁሟል። ግሎስተር ይባላል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደው ልጁ ኤድመንድ፣ ኤድጋር የጻፈው የሚመስል የሐሰት ደብዳቤ ያሳየዋል። አባት ወረቀቱን አምኖ፣ ልጁን ጠርቶ ሳይጠይቅ ያሳድደዋል። ኤድጋር ለመትረፍ እብድ ለማኝ መስሎ ይደበቃል። በኋላ ግሎስተር ሊርን ስለረዳ ሁለት ዓይኖቹን ያወጡበታል። ደጅ የተጣለውን ዕውር እጁን ይዞ የሚመራው ያ የተባረረው ልጁ ነው። አባት ግን ማን እንደያዘው አያውቅም።

ግሎስተር ተስፋ ቆርጦ ከዶቨር ገደል ሊወረወር ይፈልጋል። ኤድጋር ሜዳ ላይ አቁሞት «አፋፉ ላይ ነህ» ብሎ ያሳምነዋል። ሽማግሌው ይዘላል፣ እዚያው ይወድቃል። ልጁ ድምፁን ለውጦ እንደ ሌላ ሰው ይቀርብና ከትልቅ ከፍታ ወድቆ በተአምር እንደተረፈ ይነግረዋል። ኤድጋር በአንድ ተውኔት ውስጥ እንደ ለማኝ፣ እንደ መንገደኛ፣ እንደ ገበሬ ይናገራል። ለአባቱ በራሱ ድምፅ የሚናገርበት ጊዜ ግን ይዘገያል።

ተርጓሚ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ሜዳ ያውቀዋል። ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ይናገራል፣ ልጁ በአማርኛ ሁለት ቃል ያደርገዋል። «ምን አለ?» «ደህና ነው፣ መድኃኒቱን ውሰድ ብሏል።» በወላጆች ስብሰባ ቀን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ተርጓሚውና ተከሳሹ አንድ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ውሸት ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ብዙው ግን ከፍቅር ነው፦ አባቴ እንዳይደነግጥ፣ እማዬ እንዳታፍር፣ እዚህ አገር ሰው ሲያዋርዳቸው እንዳይሰሙ። ገደሉን ሜዳ የምናደርገው፣ አንዳንዴም ሜዳውን ገደል የምናደርገው እንዳይወድቁብን ነው።

ታዲያ አባቶች አያውቁም ማለት ነው? ኦሪት ላይ ይስሐቅን አስታውሱ። ዓይኑ ፈዝዟል፣ ያዕቆብ ዔሳውን መስሎ ይቀርባል። ሽማግሌው ድምፁን ጠርጥሮ እጁን ይዳስሳል፤ ድምፅና እጅ እንዳልተስማሙ እየሰማ ይባርካል። ግሎስተርም በመንገድ ላይ የመሪው ድምፅ እንደተለወጠ ይጠረጥራል፤ ኤድጋር «ተሳስተሃል» ይለዋል። ዕውር አባት ከሚመስለን በላይ ይሰማል። የኛም አባቶች አምስት ደቂቃ ሁለት ቃል እንደማይሆን ያውቃሉ። ዝም የሚሉት ልጃቸውን ላለማሳፈር ነው። እንዲህ ሆኖ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ይኖራሉ።

በኤድጋር ላይ ፍርዱ ከባድ ነው። የዶቨሩ ማታለያ ሠርቷል፤ አባቱን ከሞት መልሶታል። ለዚያ ማንም አይወቅሰውም። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው፦ አባት ከተረፈ ወዲያ ለምን አልተገለጠም? ሼክስፒር መልሱን አልጻፈም። ኤድጋር ራሱ ግን መጨረሻ ላይ ያን ያህል መዘግየቱን ጥፋት ብሎ ይጠራዋል። ማንነቱን በነገረው ጊዜ የአባቱ ልብ ደስታንና ሐዘንን አንድ ላይ መሸከም አቅቶት ቆመ። «ፍቅርና የተሳሳተ ፍርድ» ሲባል የአባቶችን ፍርድ ብቻ የምናስብ ከሆነ ተውኔቱን በግማሽ ነው ያነበብነው። አባት የሚሳሳተው ሳይጠይቅ በመፍረዱ ነው፤ ልጅ ደግሞ መጠበቁን ከመናገር በላይ በማድረጉ።

ይህን መጨረሻ ብዙዎች አልቻሉትም። እ.ኤ.አ. በ1681 ኔሁም ቴት ሊርና ኮርዴሊያ የሚተርፉበትን ተውኔት አዘጋጀ፤ የእንግሊዝ መድረክም ከመቶ ዓመት በላይ የሠራው የእሱን ነው። ለኛ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ኒው ዮርክ ላይ ያኮብ ጎርዲን «የአይሁድ ንጉሥ ሊር»ን በዪዲሽ አቀረበ፤ ዋናውን ሰው የተጫወተው ያኮብ አድለር ነበር። አባትየው የቪልና ሀብታም ነጋዴ ነው፤ በፑሪም ግብዣ ንብረቱን ለልጆቹ አካፍሎ ወደ እስራኤል ምድር ይሄዳል። ተመልሶ ዓይኑ ይታወራል፣ ደጅ ይወጣል። ያልታዘዘችው ትንሿ ልጁ ታይበሌ ግን ፒተርስበርግ ሄዳ ሕክምና ተምራለች፤ በመጨረሻ ለዓይኑ ተስፋ ይገኛል። ተመልካቹ ራሱ ስደተኛ ነበር፤ ወላጆቹን ባሕር ማዶ ትቶ የመጣ፣ ወይም ልጆቹ በእንግሊዝኛ የሚያወሩበት። ተውኔቱን ያዩ ልጆች በማግስቱ ለወላጆቻቸው ገንዘብ ለመላክ ባንክ ሄዱ ተብሎ ይተረካል።

ጎርዲን ያየው ነገር ትክክል ነው፦ የተማረ ልጅ የአባቱን ቤት የሚያፈርስ ብቻ ሳይሆን ዓይኑንም ሊያበራለት የሚችል ነው። የጎርዲን ልጅ ግን ከመዳኑ በፊት ቀርባ ማን እንደሆነች ታውቋል። ኤድጋር ይህ ነው የቀረበት።

ስለዚህ «ንጉሥ ሊር»ን ስታነቡ ከኮርዴሊያ ጋር አትቸኩሉ። አራተኛውን ገቢር ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ቢቻል ከወላጅ ጋር፣ አንዱን ትዕይንት በአማርኛ እየመለሳችሁ። ኤድጋር አባቱን «አንተ» ይበለው ወይስ «አንቱ» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሳታሳጥሩ መልሱላቸው።