ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆን ልቦለድ አላችሁ?

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰሞን እሁድ ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ሳለ፣ እንደ ልማዴ «ምን እያነበብሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ አንስታ አሳየችኝ። «ጎሽ! በአማርኛስ?» አልኳት። ዝም አለች። እናቷ ከረከቦቱ ኋላ ሆና «ንገሪው እንጂ! ለእኔ ያልሽኝን ለእሱም ንገሪው» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ ተሽኮረመመችና፣

«ጋሼ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ሳነብ የሆነ ሰው የሚቆጣኝ ይመስለኛል» አለችኝ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ሳቁ ሄዶ ነገሩ ብቻ ቀረ። ልጅቷ የምትማረው ግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ በሚቀጣበት ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። እስካሁን ጥፋቱን ሁሉ የማላክከው በዚያ ትምህርት ቤት ላይ ነበር። እሷ ግን አማርኛ አልችልም አላለችም። አማርኛው ይቆጣኛል ነው ያለችው። ይሄ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የእኛ የጸሐፊዎቹና የወላጆቹ ጣጣ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ወደ አራት ኪሎ ወጣሁና አንድ መጻሕፍት መደብር ገባሁ።

«ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆን ልቦለድ አላችሁ?»

ሻጩ ትሁት ወጣት ነው። «ስንተኛ ክፍል ናት?» አለኝ።

«ሰባተኛ።»

«እንግዲያው ከወዲሁ ለሚኒስትሪ ትዘጋጅ። የሒሳብም የእንግሊዝኛም መለማመጃ አለን።»

«ፈተናው ይቆየን ወንድሜ፣ ልቦለድ ነው የምፈልገው።»

«አሃ፣ ተረት!» አለና አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወረደልኝ። ሽፋኑ ላይ ጥንቸል መነጽር አድርጋ ቆማለች።

«ከዚህስ አልፋለች» አልኩት።

«ካለፈችማ ይኸው!» ብሎ ሌላ መጽሐፍ ዘረጋልኝ። በዚህኛው ሽፋን ላይ ደግሞ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።

ከባለ መነጽሯ ጥንቸል እስከ ተቃቀፉት ሰዎች ድረስ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ርቀት ቢበዛ ሁለት ስንዝር ነው። በልጅ ዕድሜ ከተቆጠረ ግን አሥር ዓመት ይሆናል። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ልጆቻችን ምን ያንብቡ?

ለሕፃናቱስ ምስኪን አይደለንም። ስንዝሮ አለልን፤ አያ ጅቦና እመት ጦጢት አሉልን። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» በቃሉ ሲወጣ ያደገው ሰው ብዙ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬም አራት አሥርት ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን መስኮት ተረት ሲነግሩን ኖረዋል። እስከ ዘጠኝ አሥር ዓመት ድረስ የአማርኛ ልጅ አይራብም ማለት ነው። ረሀቡ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ያም ሆኖ ከዚያው መደብር በቅርብ ጊዜ የታተሙ ስድስት የልጆች መጻሕፍት ገዝቼ ገባሁና በአንድ ሌሊት ጨረስኳቸው። የደራሲዎቹን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለምና። ስድስቱም ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሰነፉ ልጅ በገጽ 4 ይሰንፋል፣ በገጽ 9 ይወድቃል፣ በገጽ 15 ይጸጸታል፣ በገጽ 16 ይሸለማል። ከዚያ ደራሲው ራሱ ብቅ ይልና «ስለዚህ ልጆች...» ብሎ ይጀምራል። አርጩሜውን ከጀርባው ደብቆ ነው ለካ ሲተርት የቆየው! ልጅ ደግሞ የተደበቀ አርጩሜ ከሩቅ ያውቃል። የእህቴ ልጅ የሚቆጣኝ ሰው አለ ያለችው እሱን ነው።

የድሮው ተረት እኮ እንዲህ አልነበረም። እመት ጦጢት ትዋሻለች፣ ታታልላለች፣ አሸንፋም ትሄዳለች። ማንም ገጸ ባሕርይ መሀል ገብቶ ውሸት ነውር ነው አይላትም። ስንዝሮ በቁመቱ ስንዝር ሆኖ ሳለ ትልልቆቹን ያታልላል። ተረቱ ልጁን ያምነዋል፤ የራስህን ፍርድ ስጥ ይለዋል። እኛ የዘመናችን ጸሐፊዎች ግን ከሴት አያቶቻችን ተረቱን ወስደን እምነቱን እዚያው ጥለነው መጣን።

ለመሆኑ የሚሰጥ መጽሐፍ ጨርሶ የለም? አለ። ሳምንቱን የቤቴን መደርደሪያ ስፈትሽ ሰነበትኩ። የመረጥኳቸውን ከነጉድለታቸው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ጦቢያ»። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት የአማርኛ የመጀመሪያው ልቦለድ ነው። እስቲ አስቡት፤ የልቦለዳችን በኩር ጀግና አንዲት ልጃገረድ ናት! ወንድሟ ዋሕድ የአባታቸውን ባለውለታ ፍለጋ ወጥቶ በባርነት ይሸጣል፤ እሷ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። አንዲት ልጃገረድም ወንድ መስላት ትወድዳታለች። ለ13 ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ይኖራል? ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፉውና ደጉ እንደ ጨውና በርበሬ ተለያይቶ የተቀመጠ ነው፤ መጨረሻውም ሁሉን በሠርግ ያስታርቃል። ሁለተኛ፣ ቋንቋው ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ልጅ ብቻዋን ስታነበው ትደናቀፋለች። አጠገቧ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል። መቼም ይሄ እንደ ጉድለት ከተቆጠረ ነው።

ሁለተኛ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ 1958 ዓ.ም.። ብርሃኑ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ አይንዛዛም። የንጉሡን ስም ከሐውልትና ከፈተና ጥያቄ ውጪ ለማያውቅ ልጅ፣ ቴዎድሮስ የሚያዝንና የሚሳሳት ሰው እንደነበር ያሳያል። ልጆች ታሪክ ይሰለቻቸዋል እየተባለ ይታማሉ። የሚሰለቻቸው ዓመተ ምሕረቱ ነው እንጂ ሰውየውስ አይሰለቻቸውም። ከ14 ዓመት ጀምሮ ይሰጥ እላለሁ።

ሦስተኛ፣ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም»፣ 1955 ዓ.ም.። በእናቱ ማሕፀን ያለ ፅንስ በዚህ ዓለም አልወለድም ብሎ ይሟገታል። በጊዜው ታግዶ የነበረ መጽሐፍ ነው፤ ለዚህ ዕድሜ ይህን መንገር ብቻ ግማሹን ሥራ ይሠራል! እውነቱን ለመናገር በመካከሉ ንግግር ይበዛዋል፤ ገጸ ባሕርይው ሰው መሆኑ ቀርቶ ተናጋሪ የሚሆንባቸው ገጾች አሉ። ነገር ግን «ለምን?» እያለ ቤቱን ለሚያውከው የ15 ዓመት ልጅ፣ ከእሱ በፊት «ለምን?» ያለ ሰው እንደነበር ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»፣ 2001 ዓ.ም.። አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህን ስጠራ ቅንድባቸውን እንደሚያነሱ አውቃለሁ። ያንሱ። ሳይንቲስቱም ሰላዩም ገዳሙም በአንድ ላይ የታጨቁበት ነው፤ አጋጣሚ ይበዛበታል፤ ሰዎቹም ከሚያስቡት ይልቅ የሚሮጡት ይበልጣል። ይሁን እንጂ ስንቱን መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ እንዳስነበበው በዓይናችን አይተናል። ተደጋግሞ የታተመውም በከንቱ አይደለም። ሩጫ የለመደ እግር በኋላ ቀስ ብሎ መሄድም ይማራል፤ ያልተንቀሳቀሰ እግር ግን ምንም አይማር።

የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ለ17 ዓመት አቆየዋለሁ። የመዝገቡ ዱባለን ያህል ልጅነትን ከውስጥ ያሳየኝ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ጥቂት ነው፤ ግን ልጅ ስለመሆን መጻፍና ለልጅ መጻፍ ይለያያሉ። የጋሽ ስብሐት «ትኩሳት» ደግሞ ይቆይ። እሱን ማንም አይሰጣትም፤ ጊዜው ሲደርስ ራሷ ፈልጋ ታገኘዋለች፤ እኛም እንደዚያው ነው ያገኘነው።

ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ ካያችሁት አንድ ደስ የማይል ነገር አለበት። አንዱም ለልጅ ተብሎ የተጻፈ አይደለም! ሁሉም ከትልልቆቹ ገበታ የተቆረሱ ናቸው። ያቺ የ13 ዓመት ልጅ ራሷን የምታገኝበት፣ ታክሲ ሰልፍ የምትቆም፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ከጓደኛዋ ጋር የምትጣላ፣ ወላጆቿ ስለ ቤት ኪራይ ሲጨነቁ በበር ቀዳዳ የምትሰማ ልጅ ያለችበት ልቦለድ፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

ምክንያቱን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ወረቀት ውድ ነው፤ ብዙው ደራሲ የሚያሳትመው ከገዛ ኪሱ ነው። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ነበር፤ ከሞስኮም በአማርኛ የተተረጎሙ መጻሕፍት በርካሽ ይመጡልን ነበር፤ ዓላማቸው ምንም ይሁን ምን ከልጅ እጅ ይገቡ ነበር። ዛሬ ወላጅ ለመለማመጃ መጽሐፍ ሳይከራከር ይከፍላል፤ ለልቦለድ ሲሆን «ይህን ደግሞ ምን ያደርግላታል?» ይላል። የልጆች ደራሲ የሚባለውም ገና ትልቅ ደራሲ መሆን ያቃተው ተደርጎ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት እንደ ብዙዎቻችሁ ደስ ብሎኛል። መደርደሪያውስ ተሠራ። የሚደረደረውን ማን ይጻፈው?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለመጨረሻ ያቆየሁት በምክንያት ነው። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ለልጅ ማስታቀፍ ቅጣት ይመስላል። እኔ ግን መጀመሪያ ያገኘሁት በጆሮዬ ነው። አባቴ ልቦለድ ያባልጋል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ከትራስ ሥር ያገኙብኝን መጽሐፍ እሳት ውስጥ ከትተውታል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ግን ከሬዲዮኑ አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ማንም እንዲያስነጥስ አይፈቅዱም። በዛብህ የሞተ ዕለት አባቴ ራት አልበሉም። እሳቸውን የሰበረ ልቦለድ እኔን እንዴት ያባልጋል? ያን ጊዜ ነው አንባቢ የሆንኩት።

እናም በተከታዩ እሁድ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። አንብቢው አላልኳትም። ቡናው እስኪፈላ ላንብብላችሁ አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጅቷ አንድ ጆሮዋ ላይ የስልኳን ማዳመጫ ሰክታ ነበር። የበዛብህ እናት ልጇ እንዲተርፍላት ለእግዚአብሔር አገልግሎት ልትሰጠው የተሳለችበት ጋ ስደርስ ማዳመጫውን ነቀለችው።

«ቆይ ጋሼ፣ ልጁን ሳይጠይቁት ነው የተሳሉት?»

«ገና ሕፃን ነው እኮ።»

«ካደገ በኋላስ?»

«እሱን ስትደርሽበት ታዪዋለሽ» አልኳት። «ከዚህ ምን ተማርሽ?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በቡና ዋጥኩት። እናንተም ዋጡት። ለልጅ መጽሐፍ ሰጥቶ ፈተና መጠየቅ፣ ጋብዞ ሒሳብ እንደማስከፈል ነው።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ መጽሐፉ ከእጄ የለም። እሷም ከሳሎኑ የለችም። ስወጣ የክፍሏን በር አንኳኳሁና፣

«እንዴት ነው፣ ይኸኛውም ይቆጣል?» አልኳት።

ቀና ሳትል፣ «ይቆጣል» አለች። «ግን እኔን አይደለም፤ እናንተን ነው።»