ስለ ሆድ ሕማም የሚጻፍ ይግባኝ

ሥራዬ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት በክብር ተሰናብተው፣ በአገልግሎት ሳሉ ላገኛቸው ደዌ የአካል ጉዳት አበል እንዲሰጣቸው አመልክተው ለተከለከሉ ሰዎች ይግባኝ መጻፍ ነው። እግሩ የተቈረጠ ወይም ጆሮው የደነቈረ ሰው የሚታይና የሚለካ ጉዳት ይዞ ይቀርባል፤ የሆድ ሕመምተኛ ግን ፊቱ ወዝ ያለው፣ ቁመናው ያማረ ሆኖ ሳለ ሕማሙ በውስጡ የተሰወረ ስለ ሆነ፣ ከገዛ ቃሉ በቀር ብዙ ምስክር የለውም፤ ያንንም ቃል እንዳያወጣ በአንድ ወገን ስለ መጸዳጃ ማውራት ነውር ነው ብላ ያሳደገችው እናቱ፣ በሌላ ወገን ሕመሙን የሚያወራ ወታደር ሰነፍ ነው ብሎ ያስተማረው የጦር ሰፈር አፉን ይይዙታል። በዚህ ሙያ ከሕጉ ውስብስብነት ይልቅ ይህ ዝምታ ያደክመኛል።

በአገራችን ተወልዶ፣ በወጣትነቱ አሜሪካ ገብቶ፣ በኵዌትና በኢራቅ ያገለገለ አንድ ሰው የክልከላውን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖር፣ «መጀመሪያውንም ማመልከቴ አሳፍሮኛል፤ ሐበሻ ሆኖ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ?» አለኝ። የመጽሐፍ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል አንድም፣ አንድም እያሉ እንደሚፈቱት፣ እኔም እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከምክንያቱ ጀምሬ እፈታዋለሁ፦ የሚለው ሕመም የለብህም ነው? አንድም ሕመሙ አለ፣ በአገልግሎት ጊዜ ስለ መነሣቱ ግን ማስረጃ የለም ነው? አንድም ሁለቱም አሉ፣ የሚያያይዛቸው የሐኪም ቃል ጐደለ ነው? የጐደለውን ሳያውቁ የሚጽፉት ይግባኝ ቍጣ ብቻ ይሆናል። የዚያ ሰው ደብዳቤ የሚለው አጭር ነበር፤ በኢንዶስኮፒ ታይቶ ጨጓራው ደኅና ሆኖ ተገኝቷል።

እውነትም ጨጓራው ደኅና ነበር። ስሕተቱ የገባው በአማርኛችን በኩል ነው። እኛ ከደረት በታች የሚሰማንን ቃጠሎ፣ ቍርጠት፣ መነፋት፣ ተቅማጥና ድርቀት ሁሉ ጨጓራ በሚል አንድ ስም ጠቅልለን እንጠራለን፤ እርሱም ማመልከቻውን ሲሞላ ይህንኑ ቃል በልቡ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ጻፈ። ሲያሠቃየው የኖረው ግን አንጀቱ ነበር፤ ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ የሚሉት፣ በመሣሪያ ሲታይ ቍስል የማይገኝበት ደዌ።

ይህ ልዩነት በሕግ ፊት ታላቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኦገስት 2 ቀን 1990 ወዲህ በደቡብ ምዕራብ እስያ የጦር ቀጠና ያገለገለ ወታደር ይህ የአንጀት ደዌ ሲገኝበት፣ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ በሕግ ይገመትለታል እንጂ የሐኪም ማያያዣ ቃል አይጠየቅበትም፤ በ2022 የወጣው ሕግም ደዌው እስከዚህ ቀን ድረስ ካልታየ ይል የነበረውን ገደብ አንሥቶታል። የአሲድ መመለስና የጨጓራ ቍስለት ግን በዚህ ግምት ስለማይጠቃለሉ በሌላ በር ይገባሉ፤ በአገልግሎት ለተጎዳ ጉልበቱ ዓመታት ሙሉ አይቡፕሮፌን የዋጠ ሰው፣ መድኃኒቱ ጨጓራውን እንደ ጎዳው ሐኪም ሲጽፍለት ከፊተኛው ጉዳት የተወለደ ሁለተኛ ጉዳት ሆኖ ይቈጠርለታል። ደግሞም የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009፣ ነገሩ የአእምሮ ሕመም ቢሆንም፣ አመልካቹ ሐኪም ስላልሆነ ለሕመሙ በሰጠው ስም ሊታሰር አይገባም፣ የገለጻቸው ምልክቶች ይመርመሩለት ሲል በይኗል። የእኛም ሰው ተስፋ በዚህ ላይ ነበር።

ምልክቱ ግን ካልተነገረ ማን ይመረምረዋል? በሜይ 2024 የጸናው አዲሱ የምዘና ሠንጠረዥ ለዚህ የአንጀት ደዌ የሚጠይቀው የቀን ቍጥር ነው። ከመጸዳዳት ጋር የተያያዘ የሆድ ሕመም ባለፉት 3 ወራት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከደረሰ 10 በመቶ፣ በወር ቢያንስ 3 ቀን ከሆነ 20፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ከሆነ 30 ይሰጣል፤ ከሕመሙም ጋር እንደ መነፋትና እንደ ድንገተኛ ጥድፊያ ካሉት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ ሊኖሩ ይገባል። «በጣም ያመኛል» የሚል ቃል በዚህ ሚዛን ላይ ምንም አይመዝንም። ይህን ገልጬ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያመው ብጠይቀው፣ «እንጃ፣ ለምጄዋለሁ» አለ።

ሚስቱ አብራው መጥታ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። «እኅቴ፣ እርስዎስ ምን ያያሉ?» አልኋት። «ቅዳሴ ስንቆም እሱ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው፤ ሠርግ የተጠራን ቀን ከጧት ጀምሮ እህል አይቀምስም፤ ከቤታችን እስከ ሥራው ድረስ መጸዳጃ ያለባቸውን ነዳጅ ማደያዎች በቃሉ ያውቃቸዋል» አለች። እርሱ አቀርቅሮ፣ «ይህም ይጻፋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ይጻፋል። ሕጉ ሰው በዓይኑ ያየውን፣ በሥጋውም የተሰማውን እንዲመሰክር ይፈቅድለታልና የእርስዋን ቃል እንደ ተናገረችው ጽፌ አስፈረምኋት፤ ለእርሱም ትንሽ ደብተር ሰጥቼ 3 ወር ሙሉ ሕመሙን በየቀኑ እንዲመዘግብ አደረግሁ፤ በኵዌት በአንድ ድንኳን ያደረ ጓደኛውም ሰውየው ሌሊት ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣ እንደ ነበር ጽፎ ላከ። በመጨረሻም ሐኪሙ ደብተሩን አንብቦ፣ መርምሮ፣ ደዌውን በትክክለኛ ስሙ ጠራው።

ከ2019 ጀምሮ ይግባኝ ሦስት መንገድ አለው፤ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፣ ያለ አዲስ ማስረጃ በበላይ መርማሪ ማስመርመር፣ ወይም ወደ ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ዳኛ መሄድ። እኛ የፊተኛውን ያዝን። ውሳኔው 30 በመቶ ሆነ፤ ለይግባኝ የተሰጠው አንድ ዓመት ሳያልፍ ስለ ቀረብንም ክፍያው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ ታሰበለት።

እንግዲህ የክልከላ ደብዳቤ በመሳቢያችሁ ያኖራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬውኑ አውጥታችሁ በራስጌው የተጻፈውን ቀን እዩ፤ አንዱ ዓመት የሚቈጠረው ከዚያ ቀን ነው።