መድፍ የተተከለባት የንግድ መርከብ፤ ስለ ሆላንድ ሁለት አቋም

ሆላንድ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ስለ ንግድ መርከቦች መታጠቅ የያዘችው አሳብ እርስ በርሱ ይቃረናል ሲባል በክፍላችን ክርክር ላይ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ነቀፌታው ከላይ ሲያዩት እውነት ይመስላል፤ እኔ ግን የተነቀፈው ነገር ሊነቀፍ የሚገባው አይደለም እላለሁ።

በ1914 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ጦርነቱ ሲነሣ ሆላንድ ገለልተኛነቷን አስታውቃ፥ መድፍ የተተከለባቸውን የተዋጊዎቹን የንግድ መርከቦች እንደ ጦር መርከብ ቈጥራ ወደቧን ዘጋችባቸው። እንግሊዞች «መድፉ ለመከላከያ ብቻ ስለ ሆነ መርከቢቱ ነጋዴነቷን አትለቅም» በማለት ተከራከሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሉዶን ግን አልተበገረም። በዚህ ላይ የሆላንድ ክርክር ይበልጥብኛል፤ መድፍ ለመከላከያ ይሁን ለማጥቃት የሚታወቀው ከተተኰሰ በኋላ ነው፤ የወደብ ሹም የሚያየውም መድፉን እንጂ የተኳሹን ልብ አይደለም። የእንግሊዞቹ ነገር ሁለት ባላ መትከል ነበር፤ በባሕር ላይ ተኳሽ፥ በወደብ ግን ነጋዴ።

እርግጥ ይህ ጥብቅነት የገዛ መርከቦቿን አላዳነላትም። በማርች 1916 «ቱባንቲያ» በጀርመን ቶርፔዶ ሰጠመች፤ በማርች 1918 ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ በወደቦቻቸው ያገኟቸውን የሆላንድ መርከቦች ወሰዱባት።

ጀርመን በሜይ 1940 ሆላንድን ስትወር መንግሥቱ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ መርከበኞቹንም በግዴታ አሰማራ፤ በመርከቦቹም ላይ መድፍ ተተከለ። ይህ ቃል ማጠፍ ነውን? አይመስለኝም። ተዋጊ የሆነ መንግሥት መርከቡን ቢያስታጥቅ «የታጠቀች መርከብ ተዋጊ ናት» የሚለውን የቀድሞ ቃሉን ያጸናል እንጂ አያፈርስም። መጠየቅ ያለበትስ፥ መርከቢቱ ተዋጊ ከሆነች በላይዋ ያለው ሰው ምንድር ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው የወረቀት ጥያቄ አይደለም። በሐርዊችና በሮተርዳም መካከል ይመላለስ የነበረው እንግሊዛዊው ካፒቴን ፍራያት መድፍ እንኳ ሳይኖረው አንዱን ሰርጓጅ መርከብ በመርከቡ ሊገጭ በመሞከሩ፥ ጀርመኖች በጁላይ 1916 «ወታደር ሳይሆን ተዋግቷል» ብለው ረሸኑት።

«ኦንዲና» የተባለችውም የሆላንድ ነዳጅ ጫኝ አለች። በኖቬምበር 11 ቀን 1942 «ቤንጋል» ከተባለች ትንሽ የሕንድ ጦር መርከብ ጋር በሕንድ ውቅያኖስ ስትጓዝ ሁለት የታጠቁ የጃፓን መርከቦች ገጠሟት። የነበራት አንድ መድፍና 32 ጥይት ነው። ከጃፓኖቹ አንደኛዋ «ሆኮኩ ማሩ» ፈንድታ ሰጠመች፤ የመታቻት ኦንዲና ትሁን ቤንጋል እስካሁን ያከራክራል። ጸሐፊዎች የሚደሰቱበት ይህ ነው፤ እኔ ግን ቀጥሎ የሆነውን ማንበብ እመርጣለሁ። ጥይቱ አለቀ፤ ካፒቴን ሆርስማን ተገደለ፤ መርከበኞቹ ወደ ጀልባ ወረዱ፤ ጃፓኖቹም በጀልባዎቹ ላይ መትረየስ ተኰሱ። ጠላት ከሄደ በኋላ የቀሩት ተመልሰው እሳቱን አጠፉና መርከባቸውን እስከ ፍሪማንትል አደረሷት። እነዚህ ሰዎች ዘይት ሊያደርሱ በግዴታ የወጡ ናቸው፤ መድፉን የተከለባቸውም መንግሥታቸው ነው፤ የመንግሥታቱ ክርክር ግን ከ1914 ጀምሮ ስለ መርከቢቱ እንጂ ስለ እነሱ አልነበረም።